የሚሰበረው በየት በኩል ነው?

የኢዮሌ ቅርጫት ቅዳሜ ጠዋት
ከገበያው መውጫ ወገቡ ከዳት።
ፌራራ ሜዳ ናት፤ ቁልቁለት የላትም፤
ዱባ ግን መሄድ ሲያምረው መንገድ አያጣም፤
ኮረኮንቹ ላይ እየተንገዳገደ
በአንድ ቄስ እግር መሀል ሾልኮ ነጎደ።
የጎረቤቷ የዜሚራ የግፊት ክኒን
ከቦይ ዳር ተገኘ፤ ሎሚው የት ይሆን?

እሷ አልጮኸችም። የተረፈውን በሻርፗ ቋጥራ፣
ብስክሌቷን በቀኝ፣ ዱባውን በግራ
ይዛ መጣች ወደኛ፣ ወደ ኦዲኖ ሱቅ፤
እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ያላወቅሁትን የማውቅ።

"ቅርጫት ነው የምፈልገው፤ ለወተት፣ ለድንች፣
ለዜሚራ መድኃኒት። ለጌጥ አይደለም" አለች።

አወረድኩላት የአኻያውን፣ ማሰሪያው ቆዳ፣
ጎብኚ አይቶት የማያልፈው፣ ፎቶ የሚወዳ።
ጣቷን በምራቋ አርሳ ዳሰስ፣ ዳሰስ አድርጋ
"ይሄ ውሃ ይጠጣል" አለች፤ "በኅዳር ጭጋግ
አብጦ፣ በሰኔ ደርቆ፣ ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው።"
ፕላስቲኩን አመጣሁ፤ እንደ ቲማቲም ቀይ ነው፤
ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ወደ ውጭ ለጠጥ ስታደርገው
ነጭ መስመር አወጣ። መልሳ ሰጠችኝ። ዝም።
አሉሚኒየሙ ደግሞ ዱባዋን አልቻለም፤
(ዱባውን ሚዛን አድርጋ በየተራ ስታስቀምጥ
እኔ በሆዴ ስስቅ፣ በፊቴ ሳልለወጥ።)
የሽቦው ቀዳዳ ሰፊ፤ ቁልፏን ብትጥልበት
ቁልፉ ወለሉ ላይ ቀድሞ ደረሰበት።

"ዋስትና አለው" አልኩ። "ጣሊያን ነው የተሠራው።
አርባ ኪሎ ይችላል፤ ወረቀቱ ነው ያለው።"

"ብርታቱን ተወው" አለች፤ "ብርቱ ያልሆነ ማን አለ፣
ሻጭ ፊት ቆሞ? ግን ንገረኝ፣ ሥራውን ካወቅህ፣ ልጄ፣
የሚሰበረው በየት በኩል ነው?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ከዚያ በፊት አልነበረም።
አፌ ተያዘ። ከጓዳው፣ ፒንሳ በእጁ እንደያዘ፣
መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ኦዲኖ ወጣ እየተጓተተ፦
"ቅርጫቱ አይሰበርም፤ የሚሰበረው እጁ ነው፤
ከማኑብሪዮው ጋራ የሚያያዝበት ነው።
ዕቃው ወደ ፊት ይስባል፣ መንገዱ ከታች ይመታል፤
ሁለቱ ሲጣሉ መሀል ያለው ይሞታል።"

ተመልሶ ገባ። ጎማ ሲያነሳ፣ ሣጥን ሲጎትት፣
ሲሳደብም ሰማን። ይዞ ወጣ የብረት፣
ከፖስታ ቤት ብስክሌት የተፈታ፣ አስቀያሚ፣
አረንጓዴው የተላላጠ፣ ለማየት የማይስማሚ፤
ነገር ግን እግር አለው፤ ሁለት ቀጭን ዘንግ
ወርዶ ከፊት ጎማው መሀል የሚደገፍ።

ዱባዋን አስገባች። ነቀነቀችው። ዱባው ተቀመጠ፤
ቤቱ የገባ ሰው ይመስል ነበር አቀማመጡ።

ከሥሩ ጣውላ አስገጠመች፤ እኔ ነኝ የበሳሁት።
ሦስቱን ቡሎን አጠበቅሁ፤ ለአራተኛው ግን ሮንዴላ አጣሁለት።
"ሰኞ ብቅ ይበሉ" አልኳት። "እሺ" ብላ ነዳች።

ሰኞ አልመጣችም። ወሩም ተገባደደ፤
ከፖ ወንዝ የተነሣው ጭጋግ ከተማው ላይ ወረደ፤
ያኔ ሰው ፊት አይለይም፤ ብስክሌት በሳሉ ነው።
ቃ፣ ቃ፣ ቃ ሲል ሰማሁ፤ የኔው ቡሎን ነው፣ የኔው።

ሮጬ ደረስኩባት፤ ሮንዴላው ኪሴ ውስጥ አለ።
"አንድ ደቂቃ" አልኩ እያለከለክሁ፤ "ላጥብቀው፣ እየላላ ነው።"

"ተው!" አለች፣ አንድ እግሯን ጠርዙ ላይ አቁማ፤
"የዜሚራ ደወል ከሞተ ቆየ። ይህን ስትሰማ
ገመዱን ትፈታለች።"

ቀና አልኩ። በጭጋጉ ውስጥ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ቀስ እያለች፣ እየተሽከረከረች፣
ቁልፍና ሳንቲም የያዘች ትንሽ የአኻያ ቅርጫት
እየወረደች ነበር።