አራት ሳጥን

ጌንት ላይ ዝናብ እንደ ዕዳ ነው፤ ከፈልኩ ስትል ወለድ ይወልዳል፣
ቦዩ ሞልቶ መንገድ ያያል፣ ብስክሌት ሁሉ ዝጎ ያለቅሳል።
እዚያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎንበስ ብለው በሚገቡበት ቤት፣
እኔና ማሬኬ እንሠራለን፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣ ተረት።
እሷ ትስላለች፣ እኔ እቀባለሁ፤
እሷ ጥላ ስትጥል፣ እኔ ሰማያዊ እሞላለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ መንፈስ አለ፣ መሞት ያልሆነለት፣
ግድግዳ አልፎ ሲገባ፣ ኮቱ ውጭ የሚቀርበት፣
ሰው ላስፈራ ብሎ ሲጮህ፣ ማስነጠስ የሚቀድመው፣
የቤቱ ድመት እንኳ ንቃ፣ ትራስ ነው የምታደርገው።
በአራት ሳጥን ይጀመራል፣ በአራት ሳጥን ያልቃል፣
ባቡር ላይ ያለ ሰው ስልኩን እየገፋ፣ ጣቢያው እስኪያልፈው ይስቃል።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣ ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ሲያስል
(ማሞቂያው መስሎኝ ነበር፤ ጠፍቶ እንደከረመ ዘንግቼ መሰል)
ግድግዳውን እንደ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ሰው ገባ፣
ጫማው ውሃ፣ ካባው አቧራ፣ እጁ ላይ መዝገብ፣ ጆሮው ላይ ላባ።
እኔ በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ አማተብኩ፤
እሱም አማተበ።
መክሰሬን ያኔ አወቅኩ።

«ሊቨን እባላለሁ» አለ፣ «የቦዩ ቀረጥ ሰብሳቢ፣
ከሞትኩ ሁለት መቶ ዓመት፤ የእናንተ የመጀመሪያ አንባቢ።»
«አንባቢ?» አለች ማሬኬ፣ ብዕሯ ከእጇ ወድቆ።
«ከትከሻሽ ላይ ነው የማነበው» አለ፣ ሳቁን በጢሙ ደብቆ።
በእኛ አገር ዛር እንኳ ሲመጣ፣ ሽቶና ቀለበት ይጠይቃል፤
ይሄ ግን ጣቱን ምራቅ ነክቶ፣ የፊደል ግድፈት ያርማል።

«አቤቱታዬ ሦስት ነው» ብሎ መዝገቡን ዘረጋ፦
«አንደኛ አፍንጫዬ። ትሉ ሁሉ የተወልኝን፣ በስንት ዋጋ
ያቆየሁትን አፍንጫ፣ ድንች አድርጋችሁ ሳላችሁት!
ሁለተኛ ሰንሰለቱ። አስሬ እንጂ መቼ ታሰርኩ? ከየት አመጣችሁት?
ሦስተኛው...» ድምፁ ወረደ፤ ድመቷም ጆሮዋን አቆመች።
ሻማ የለንም እንጂ፣ ቢኖር ጠፍታ ነበረች።
«ከአንድ ሳጥን ለመውጣት ስንት ዘመን ፈጀብኝ!
ሚስማር በጥፍር ነቅዬ፣ አፈር ዓይኔ ገብቶብኝ፤
እናንተ በየሐሙሱ፣ በአራት ሳጥን ትከቱኝ?»

ዝም አልን። ዝናቡ ብቻ።
ከዚያ ማሬኬ፣ ሆድ የማይብሳት፣ «ሳጥን ካልገባህ» አለችው፣
«ኪራይ አይከፈልም።» «ወሩ ስንት ነው?» አለ። ነገረችው።
ነጣ። ቀድሞም ነጭ ነበር፤ ደግሞ ነጣ።
በርጩማው ላይ ልቀመጥ ሲል፣ በርጩማው ውስጥ ሰጠመ፤ ወለሉም አልተቆጣ።
«በዚህ ገንዘብ» አለን ከታች፣ እስከ ወገቡ ሰምጦ፣
እግሩ የሦስተኛ ፎቁን ጎረቤት አስደንግጦ፣
«ድልድዩን ከነጀልባው እገዛ ነበር! እናንተ ልጆች፣
ለካ የባሰም አለ! እኛ ነን የተገላገልን፣ ሟቾች።»

ተስማማን። አፍንጫው ይቃና፣ ሰንሰለቱ ይቅር ተባለ፤
አራተኛውም ሳጥን፣ በቀኝ በኩል መስመር የለው፣ ክፍት ሆኖ ዋለ፤
መውጣት ሲያሰኘው እንዲወጣ።
ፈረመ። ፊርማው ሳይደርቅ፣ በግድግዳው በኩል ወጣ።

ሲነጋ ነው ያየነው። መስኮቱ ላይ፣ የተነፈስነው ጉም ባለበት፣
በጣት የተሳሉ አራት ሳጥኖች፣ ያረጀ እጅ ያረፈባቸው ጥበብ ያለበት።
ሁለት ፍጥረቶች አሉ፤ ሌሊት የማይተኙ፣
ቆመው ከካርቶን የሚበሉ፣ ከሚያበራ መስታወት ጋር የሚነጋገሩ፣ የሚቆዝሙ፣ የሚቃዡ።
ከሥሩ ርእስ፦ «ቤቴን የያዙ መናፍስት።
ክፍል ሺህ ሰባት መቶ ስምንት።»

ለካ እሱም ሐሙስ ሐሙስ ያወጣል።
ከመስኮቱ ውጭ፣ አየሩ ላይ፣ ከመቃብሩ የመጣ ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ያነባል፤
ሳቃቸውን እሰማለሁ፣ አራተኛ ፎቅ ነው፣ የሚቆሙበት የለም።

ጠጋ ብዬ አየሁት፣ ራሴን።
ድንች አድርጎታል አፍንጫዬን።