አየሁ

ሪዜ ላይ ዝናብን ወሬ አይለውም ሰው፤
ካልዘነበ ነው እንጂ አፍ የሚያስከፍተው።
ያን ሌሊት ግን ጎርፉ ድልድዩን ዘግቶ፣
ሻይ ለቃሚው ዱርሱን ሆዱ ተነፍቶ፣
በሁለት ልጆቹ መሐል ተንጠልጥሎ
ደረሰ፤ ጭቃውን ከነጢሙ አዝሎ።
አንገቱ ድንክዬ፣ አገጩ ሽሽት ያለ።
«ሆዴስ የናንተ ነው፣ ይቺን ግን አደራ»
አለ፣ የወርቅ ጥርሱን በጣቱ እየጠራ።
ዱርሱን በኛ ቋንቋ «ይቆይ» እንደማለት፤
እናቱ ሦስት ቀብራለች፣ እሱ ሳይመጣላት።

እኔ ሳትልምሽ ነኝ፤ ብረት አቀባይ፣
አምፖል ሞካሪ፣ ቱቦ ቀቢ፣ ሲሉኝም ከላይ
ማንቁርት ተጫኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት
ከዶክተር ሙአዘዝ በስተቀኝ ቆሜያለሁ።
እሷ ጎንበስ ስትል፣ ግራ ክንዷ ሲጸና፣
ምላስን በብረት ምላስ ገፋ አድርጋ
በአፍ ጠባብ በር ዓይኗን ሰድዳ ስትፈልግ፣
እኔ የማየው የቆቧን ቋጠሮ ነበር።
ትንሽ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ!
ከዚያ፦ «አየሁ።»

እኔ አላየሁም፣ ቀዶ ሐኪሙም አላየ፤
በሷ ቃል ግን ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ።
ሰው ባላየው ነገር ተማምኖ ያድራል፤
የኔ እምነት ሦስት ፊደል ነበረ።

ወጣቱ ቶልጋ በስክሪን ነው ያደገ፤
ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ምላስ ነው የለመደ።
«እስከ መቼ በቁልፍ ቀዳዳ ማጮለቅ?» ይላታል።
«ደም ሌንስህን የጋረደ ቀን ትጠራኛለህ» ትለዋለች።
እኔ በመሐል ጓንት እቆጥራለሁ።

ያን ሌሊት እሷ ጀመረች። መድኃኒቱ ገባ፤
ዱርሱን እንደ ገመድ ላላ፤
ደረቱ ቆመ።
ከዚህ ወዲያ ያለው ትንፋሽ ብድር ነው፤
ማሽኑ ጢው፣ ጢው እያለ ዕዳውን ይቆጥራል።
ጎነበሰች። ዝም። ተጫንኩላት። ዝም።
ብረቷ ወርቁን ሊነካ አንድ ፀጉር ቀረው።
«ክዳኑ ብቻ» አለች። ክዳኑን እንጂ
የተከደነውን አላየችም።
ጢውታው ወፈረ፣ ወረደ።
ብረቷን አወጣች፤ ሳትከራከር፣ ሳትቀየም፣
«ያንተን አምጣው» አለችው።

ስክሪኑ በራ።
እኔም፣ ወለል የምትወለውለው ሃጀርም፣ ቀዶ ሐኪሙም
አየን።
ሁለት ነጭ ክሮች፣ እንደ ድንኳን በር ተከፍተው፣
መሐላቸው ጨለማ፤ መኖር በዚያ ጨለማ በኩል ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት ያመንኩት ይኸ ነው?
እንዲህ ትንሽ? እንዲህ እርጥብ?
ሳያንኳኳ ሰው ቤት እንደገባ
ዓይኔ አፈረ።

ግን ማየት መድረስ አይደለም።
በሩ በስክሪኑ መሐል ወለል ብሎ፣
የቶልጋ ቱቦ ከግድግዳው ይላተማል፤
ደግሞ ይላተማል።
አገር ያየዋል፣ እጅ አይደርስበትም።
ጢው... ጢው...
«ጠግበህ ማየትህን ተው» አለች ሙአዘዝ፤
«ወደኋላ ሳብ፤ በሩ ይራቅህ፣ ትንሽ ይደብዝዝ።
አሁን ከዓይንህ ይልቅ ጣትህን ስማው።
አዙር።»
አዞረ።
ገባ። ቱቦው በትንፋሽ ጉም ነጣ።

ከንፈሯን አየሁት፤ ተከፍቶ ተከደነ።
«አየሁ» አላለችም፤
ሁሉም አይቶ የለ፣ ለማን ትንገር?

ጠዋት ዝናቡ ያው። ዱርሱን ድምፁ ሻክሮ፣
ዓይኑን ሳይገልጥ በፊት ምላሱን ልኮ
ጥርሱን ዳሰሰ። አለች።

እኔ ሁለቱን ብረቶች አጥቤ አደረቅሁ።
የሷን ሳነሳ ግን፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በጎኑ አጮለቅሁ፤
የታየኝ የቧንቧው ጠብታ ነው።
ድሮ፣ ሳላየው፣
እንዴት አጥርቼ አየው ነበር።