ኖራ

ያቫትማል ዳር፣ ጥጥ በሚነጣበት፣
መረሬው በበጋ አፉን በሚከፍትበት፣
ክንድ ሙሉ ይገባል በስንጥቁ መሀል፤
ሰኔ ሲመጣ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

ይህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ፈረሰ፤
አስፋልቱ ተጨማዶ ዳርዳሩ ተቆረሰ፤
ጥጥ የጫነ ትራክተር በጎኑ ተኛበት፤
የመንደሩ ሽማግሌ «እርግማን አለበት»
ብለው ደመደሙ።

ኢንዱመቲ መጣች፣ ወንፊቷን አንግታ፣
አፈር የምትቆላበት መጥበሻ ሸምታ፤
ጭብጥ አንስታ አሸች፦
«እርግማን የለበትም። ሰካራም ነው እንጂ፤
ውሃ ካየ አይተውም» አለች።

መድኃኒቱን ጻፈች፦ ከመቶ አራት ኖራ፣
ስምንት እጅ ደግሞ የሩዝ ገለባ አመድ
ወፍጮ ቤት ጓሮ ላይ ከተጣለው ተራራ።

አመዱ ሲበተን ቅንድብ ሁሉ ነጣ፣
የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሽማግሌ ወጣ።
መዳፋቸውን አየሁ፤ ያለ ዘይቤ፣ ያለ ቅኔ፣
እውነተኛ አመድ አፋሽ አየሁ በዓይኔ።

ተቋራጩ ዋግማሬ ማታ መጣ ቀስ ብሎ፦
«ሁለት እጅ ይበቃል። ኖራ ውድ ነው፣ ልጄ።
አስፋልቱ ይሸፍነዋል፤ ከሥር ማን ሊያይ?» ብሎ።

መልስ አልሰጠችውም። መዶሻ አነሳች፣
ከሁለቱም መጠን ሲሊንደር ጠቀጠቀች፣
በእርጥብ ጆንያ እንደ አራስ ልጅ ጠቅልላ አስተኛች።
ሰባት ቀን ጠበቀች።

በሰባተኛው ቀን
ሁለቱን ባንድ ባልዲ ነከረች፣ እሱ እያየ።
ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የዋግማሬ ሁለት እጅ
ትከሻው ረገፈ፣ ወገቡ ተለያየ፣
ጭቃ ሆነ።
ሌላው ግን እንደቆመ ነው፤ በጥፍሯ ብትመታው
እንደ ሸክላ ጮኸ።
«ዝናብ» አለች፣ «ይሉኝታ የለውም።»
ሌላ ቃል አልወጣትም።

ክረምቱ ወጥቷል። ጥጥ ጫኙ መኪና
ሳይንገጫገጭ ያልፋል፤
ሾፌሩ ጉልበቱ ላይ ያኖረው ሻይ አይፈስም።
ድልድይ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፤
መሬት የገባውን ማን ይመርቀዋል?

እሷ እንደሁ የለችም፤ ሌላ ወረዳ፣
ሌላ መረሬ ጠርቷት፣ መጥበሻዋን ይዛ ሄዳለች።
እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ጎንበስ እላለሁ፣
አስፋልቱን በጣቴ አንኳኳለሁ፦
«ይህን ሁሉ ጭነት ከሥር ማን ተሸከመ?»
ይመልሳል ቀስ ብሎ፣ በዚያ በሸክላ ድምፅ፦

«ኖራ።
ኖራ ሄደች።»