ሁለት ጣት ውሃ

ይታክቱ መጣች፣ የግብርናዋ ልጅ፣
ሱሪዋን ሰብስባ፣ ቦቲዋን በእጅ፣
ናበጋ፣ ከርብ ግርጌ፣ ከማሳዬ ደጅ።
ስሟ ይታክቱ ነው፣ እሷ አልታከተችም፤
ጭቃው ውስጥ ስትገባ አልተጠየፈችም።
ጣቷን አጠለቀች። "ይሄ በዝቷል፣ ጋሼ፤
ሁለት ጣት ይበቃል።"
ሳቅሁባት መልሼ።
ርብ ሞልቶ በየዓመቱ ደጃፌን እያለፈ፣
ከጎተራ ሥር ገብቶ አልጋ እያንሳፈፈ፣
ፎገራ ላይ ውሃ በጣት የሰፈረ
ማን አለ? ማን ነበረ?

"ዩሪያውስ?" አለችኝ። "ትናንት በተንሁት፤
ሙክቴን ሸጬ፣ ተሰልፌ ያገኘሁት፣
ያን ሁሉ ኩንታል ባንድ ፀሐይ ጨረስሁት።"
ዝም አለች።
ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል ፈራኋት።

ማታውን ዘነበ። ክትሩ ተጣሰ፣
የማሳዬ ውሃ በቦዩ ፈሰሰ፣
ያሟሟውን ይዞ ጣና ላይ ደረሰ።
ሩዜ ግን ገረጣ መስከረም ሲጠባ፣
የወፍ በሽታ ያዘው፣ ወፍ እንኳ ሳይገባ።

ጥቅምት ላይ ቀበሌው ዘመቻ ጠራና፣
"ከየቤቱ አንድ ሰው! እምቦጭ ወርሶታል ጣና!"
ማጭዴን ይዤ ወጣሁ፣ ከአዝመራው ጎን ቆምሁ፣
እስከ እምብርቴ ድረስ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ።
እምቦጩን ብታዩት! ቅጠሉ ሰብቶ፣
አረንጓዴው በዝቶ ወደ ጥቁር ገብቶ፣
ሩዜ የነፈገኝን እሱ ላይ አየሁት።
ሥሩን ስዘረግፍ፣ ወደ ዳር ስጎትት፣
"አዝመራው" አልሁ፣ "ይሄኮ ሙክቴ ነው፣ እወቅ።"
አልገባውም። ሳቀ። እኔም ወደቅሁ በሳቅ፤
ሳቁ ግን አልዘለቀ፤
የገዛ ገንዘቡን ከነሥሩ እየነቀለ
ማን እስኪመሽ ሳቀ?

ዘንድሮ
የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆረጥሁና፣
ጎኑን በጋለ ምስማር ወንፊት አረግሁና፣
ከማሳው መሀል ተከልሁት። ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣
ውሃው ምን ያህል እንደሸሸ ከሥር እሰልላለሁ።
ሲጠማው ሞተሩ፤ ካልጠማው ዝምታ፣
ናፍጣውም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ ማታ።
ዩሪያውን ለሦስት ከፍዬ፣
ውሃውን አስቀድሜ አጉድዬ፣
ክትሩን በጭቃ ደፍኜ፣ ሰማዩን አይቼ፣
ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው፣ ፈርቼ ፈርቼ።

አዝመራው ከክትሩ ላይ ቆሞ ይስቃል፦
"ፎገራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ውሃ በጣት ይለካል?"
ይታክቱ ተዛውራለች፤ የት እንደሆን አላውቅም።
ሩዙም ገና ነው፤ አልታጨደም፣ አልተወቃም።
ብቻ ሁለት ጣቴን፣
ጭቃው እስከ መገጣጠሚያው የደረቀበትን፣
አንስቼ አሳየዋለሁ።