ሁለት ሜትር ከሃያ

ስሟን ያወጡላት «አድማሶች» ብለዋል፣
ኦፋቂም። መልካም ስም ነው፤ ስም በነጻ ይገኛል።
አድማስ ግን መስመር ነው፣ ሲቀርቡት የሚሸሽ፤
እኔም ጥበቃ ነኝ፣ መስመር ላይ የማመሽ።

ከፋብሪካው በር ላይ ያለችው የዘብ ቤቴ፣
እግር ልዘርጋ ብል የማትበቃ ለጉልበቴ፣
ቀኟ ማዘጋጃ ቤት፣ ግራዋ የገጠር ምክር ቤት።
ድንበሩን ማን አየው? ከወንበሬ በታች፣
የጎማው ምንጣፍ ላይ፣ ስንጥቋ ያለች።

አሥራ አንድ ተኩል ሳይሞላ አውቶቡሱ ይደርሳል፣
የከተማው ሰው በሙሉ ዓይኑን እያሸ ይወርዳል።
ፎርቱና ዳዶን አለች፣ ሠላሳ ዓመት የሰፋች፣
የልብስ ፋብሪካው ሲዘጋ መቀሷን ይዛ የወጣች፤
አሁን ቱቦ ትጠቀልላለች፣ ጠብ የሚል በየሥሩ፣
አሸዋን ድንች የሚያደርግ። ይሁን። ግን ግብሩ፣
አርኖናው ማለቴ፣ መንገድ ተሻግሮ ይቀራል።
ላም አለችን በደጃፍ፤ ሣሯን እኛ እናጭዳለን፣
ስትታለብ ግን ማዶ ነው፤ አረፋውን እናያለን።

አባቴ ሲሶ አራሽ ነበር፣ ርስት የማይደርሰው፤
ገመድ በማን ፊት እንደሚያጥር በጀርባው የቀመሰው።
አሁን ቀላድ የለም አሉኝ። ሳተላይት ነው።

ግሪሻ መጣ፣ ቀያሹ፣ ባለ ሦስት እግሩን ተክሎ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻዬን ተቀብሎ፣
«ወንድሜ» አለኝ፣ «ጎጆህ እኮ ስሕተት ናት፤
ሁለት ሜትር ከሃያ ወደ ማዶ መግፋት አለባት።»
«ስሕተቱ የማን ነው?»
«የወረቀት።»
ስኳር ጨመረ።

ከፋሲካ በፊት የወሰን ኮሚቴው ተሰበሰበ፤
ዶክተር ኤልራን ከመሐል አገር ግድግዳ ላይ አነበበ።
ክብ በክብ ላይ፣ ቀስት በቀስት፣ «ፈጠራ»፣ «ሥነ ምህዳር»፤
ሰፈሬን ፈልጌ አገኘኋት፣ ቢጫ፣ ከካርታው ጠርዝ ዳር።
ልጄ ኦሪያን ትዝ አለችኝ፣ ከመሬት በታች መጠለያው ውስጥ፣
አሥራ አንድ ልጅ፣ አንድ ሮቦት፣ አንድ መፍቻ፤
ተራ እየጠበቁ ብሎን የሚያጠብቁ፣
ጣራው ሲያፈስ ባልዲ የሚያንቀሳቅሱ ብቻ።
ፈጠራ ይሄ ካልሆነ እኔ ምኑን አውቃለሁ።

ደብተሬን ይዤ ተነሣሁ። አርባ ሌሊት የቆጠርኩት፣
በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ፣ አምስት አምስት ያሰርኩት፦
በበሬ ከሚገባው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱ
የኛ ከተማ ሰው ነው፤ ከሌላ ሠላሳ ስምንቱ።
ሰብሳቢዋ አመሰገነች። ጨዋ ሴት ናት፣ አልዋሽም።
«ግን ይሄ መረጃ አይደለም፤ ማኅተም የለውም።»

ፈረዱ፦ ለከተማው ከመቶ አሥራ ስምንት፣
ይግባኙ ካለቀ በኋላ፣ ከዛሬ ሁለት ዓመት።
አሥራ ስምንት። እርቦ እንኳ አልሞላ!
አባቴ፣ ያ ጭሰኛው፣ ሲሶውን ሰፍሮ ከሰጠ በኋላ
ሁለቱን እጅ አሸክሞ ቤቱ ይገባ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ፎርክሊፍት መጣ፣ ጎጆዬን አነሣት፣
ሻይ ማፍያዬ ውስጧ እየተንኳኳ፣ እንደ ሬሳ ሣጥን አሻገራት።
የነበረችበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ፣
የሱፍ ቅርፊት፣ የጠፋኝ ቁልፍ፣ ጉንዳን ሰልፍ የጀመረ።
ደሞዜ ያው ነው። ሙቀቱም ያው።
ፎርቱና ግን ሳቀችብኝ፦ «ተሰደድክ እንዴ ዛሬ?»
እሷ ስትስቅ የሚያስነጥሳት ነገር አላት፤
እያስነጠሳት ገባች።

ኦሪያን በዚያች በአንዷ መፍቻ አንድ ነገር ሠርታልኛለች፣
በሩ ላይ የምትለጠፍ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር የምትጠቅስ፣
ቀይ ቁጥር የምትጽፍ። ማኅተም እሷም የላት።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻው ሰው ሲገባ አየኋት፤
አራት መቶ አሥራ ሦስት ትላለች።
ተበላሸች ብዬ ነካካኋት፣ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ደግሜ ደመርኩ።
ኋላ ነው የገባኝ።
እስከ ትናንት መስመሩ ላይ ነበርኩ፣ የማልሻገር፣ የማልቆጠር።
ዛሬ እንደ ሰው ሁሉ ከቤቴ ተነሥቼ፣
መንገዱን አቋርጬ፣ ማዶ ገባሁ ለሥራ።
አንዱ እኔ ነኝ።