አረፈ

ሳልቶ ላይ፣ በጥር፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣ ወንዙ ሲያንቀላፋ፣
ከእናቴ ከኒቢያ ወጥ ቤት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ሌት ተቀን የማይጠፋ፤
ያረጀ ፍሪጅ ነው፤ ሲያቃስት የሚውል፣ ሲያቃስት የሚያድር፣
ቆጣሪውን ደግሞ ሽምጥ የሚያስጋልብ፣ ኪስ የሚበረብር።

እኔ ልጇ ኤበር፣ የመብራቱን ደረሰኝ በአንድ እጄ ይዤ፣
በሌላው የአዲስ ፍሪጅ ሥዕል፣ በአሥራ ሁለት ወር የሚከፈል፣ መጣሁ ተጉዤ።
«ይህ ሽማግሌ ይውጣ» ብላት፣ የማቴ ሻይዋን በቀሰም ምጥጥ አርጋ ጠጥታ፣
«ጀርባውን አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ፣ የቀለም ብሩሽ ዘርግታ።

ሶኬቱን ነቀልን። ከግድግዳው ተጣብቆ ነበርና አሥራ አንድ ዓመት፣
ስንጎትተው ጮኸ፤ ሲሚንቶው ላይ ቀረ የእግሩ ምልክት።
ከኋላው ጥቁሩ ጠመዝማዛ ቱቦ፣ ሱፍ የለበሰ መስሎ፣
የድመቷ ጠጉር፣ የዱቄት ብናኝ፣ የዓመታት አቧራ ከላዩ ተጥሎ።
«በጥር ብርድ ልብስ!» አለች እናቴ። «አንተ ብትሆንስ? አታቃስትም?»
በደረቴ ተኝቼ ጠረግሁ፤ ከጆሮ እስከ አፍንጫ አቧራ ያልገባው የለም።

ከዚያ የበሩ ጎማ። መቶ ፔሶ አወጣች፣ በሩ መሃል አስገብታ ዘጋች፣
ሳበችው፤ ኖቱ ሳይታገል ወጣ። «አየኸው ሌባውን?» አለች።
(እኔ ሌባ የፈለግሁት በመብራት ኃይሉ መስኮት በኩል ነበር፤
ብርዱ ለካ የሚሾልከው ጣት በማታስገባ ስንጥቅ፣ እዚሁ ከምድጃው ዳር።)
ጎማውን በሞቀ ሳሙና አሽታ፣ የደረቀ ማርማላታ ከእጥፋቱ ፈልቅቃ፣
በትኩስ ፎጣ ተኮሰችው። ኖቱን ብትስብ፣ ብትስብ፣ በሩ አልለቀም፣ በቃ።

አመዳዩን በቢላ ልፍቀው ስል፣ «ተው! ደሙን ታፈሳለህ!
ይቅለጥ በራሱ ጊዜ፤ አንተ ወዴት ትቸኩላለህ?»
ቀለጠ። ባልዲውን ለቲማቲሟ አጠጣች።
ከግድግዳው መዳፍ ያህል አራቅነው፤ ማዞሪያውን ከሰባት ወደ ሦስት መለሰችው፤
ትኩሱን ድስት እስኪበርድ መስኮት ላይ አቆይታ፣ ባዶውን መደርደሪያ በውኃ ጠርሙስ ሞላችው።

ያን ሌሊት እዚያው አደርሁ፣ በልጅነት አልጋዬ፣ እግሬ ተርፎ።
ከሌሊቱ ስምንት ላይ ጸጥታ ቀሰቀሰኝ፣ ቤቱን ሞልቶ፣ ሰፍፎ።
እናቴ በባዶ እግሯ ወጥ ቤት ቆማለች፣ ፍሪጁን በመዳፏ ደግፋ፤
«ኤበር፣ አረፈ እንዴ?» አለች፣ ድምጿ ከጉሮሮዋ ጠፋ።

«አረፈ፣ እማ። ሥራውን ጨርሶ ነው። ይነሳል፣ ግድ የለም።»
«አባትህም» አለች፣ ወንበር ስባ፣ «ሠላሳ ዓመት ሲያጉረመርም አልሰማሁትም፤
የሰማሁት ዝም ያለ ቀን ነው።»

ጨለማው ውስጥ ጠበቅን።
ጠቅ አለ። ሞተሩ ተነሳ፣ በቀስታ፣ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው፤
እናቴ ፎጣዋን አንስታ ያልቆሸሸውን በር ወለወለችው።

ጠዋት ስነሳ የአዲሱ ፍሪጅ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ የለም፤
አራት ቦታ ታጥፎ ያሮጌው እግር ሥር ገብቷል፤ በሩ አሁን አይዘምም።