በፖስታው ጀርባ

ደብዳቤው ማክሰኞ ከአከራዩ መጣ፤
«የኬብሉ ክፍያ ከኪራዩ ወጣ።
ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉም ለራሱ» ይላል።
ነጻ ነው ስንል የኖርን፣ ለካ ስንከፍል ኖረናል።

ላይፕሲግ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ትራም ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንጫጫል።
ይትባረክ የመብራቱን ፖስታ ገልብጦ በእርሳስ ያሰምራል፦

በግራ ኬብል፦ አሥራ ሦስት ዩሮ፣ ለሳጥኑ ኪራይ አምስት፣
ውሉ የሁለት ዓመት፣ መግባት እንጂ መውጣት የሌለበት።
በቀኝ የኢንተርኔቱ፦ ለፊልም አሥራ አራት፣
ለኳስ ሠላሳ (እዚህ ላይ ድምፁ ዝቅ አለበት)፣
ለልጆቹ ዘጠኝ፣
ለእኔ ድራማ ስምንት፤ እሱን አጉልቶ ጻፈልኝ።
እና አንድ፣ ስሙን ማናችንም የማናስታውሰው፣
«የመጀመሪያው ወር በነጻ» ብሎ እንደ መዥገር የተጣበቀው፣
አምና ክረምት አንድ ፊልም ጀምረን እንቅልፍ የወሰደን፣
በየወሩ በሦስተኛው ቀን ስድስት ዩሮ የሚመጠምጠን።

ስልሳ ሰባት።
«ተሳስተሃል» አልኩት። ደገመው።
ስልሳ ሰባት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ፣
ዘጠኝና ስምንቱ አብሮ ደመወዛችንን ጠቀለለ።

«ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ማነው የሚያየው?» ብዬ ዞር ስል፣
ሶፋው ባዶ። ኤልዳና አልጋዋ ላይ፣ ጆሮዋ በገመድ ተደፍኖ፤
ታናሽዋ መታጠቢያ ቤት፣ በር ቆልፎ፣
ስልኩ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ሰው ሆኖ።

በሩ ተንኳኳ።
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ሽማግሌው ክራውዘ፣
ያንኑ ደብዳቤ እንደታሸገ በእጁ እንደያዘ።
«የሁለት ሰዓቱ ዜና ጠፋብኝ» አለ፣ ልጅ እንደጠፋበት።
እኛ ደግሞ ድምፁን በወለሉ ስንሰማ ስንት ዓመት
ሳንቲም አልከፈልንበት።

ይትባረክ ኳሱን ሰረዘ።
እርሳሱ ግን ትንሽ ፈዘዘ።

አሁን ኬብሉ የሁለት ቤት ነው። በወር መባቻ
ክራውዘ ዘጠኝ ዩሮ ይደረድራል፣ ሳንቲም ብቻ በብቻ።
ጆሮው ከብዷል፤ ነገ ዝናብ መሆኑን
ኤልዳና ጮክ ብላ ትደግምለታለች፣ ነቅላ ገመዱን።

ያ ስሙ የጠፋው ግን አለ። የይለፍ ቃሉን ረስተናል፤
በሦስተኛው ቀን፣ ሳይሳሳት፣ ስድስቱን ይወስድብናል።